ፈቃድ የማይሸፍነው አደጋ፦ በወሲብ ወቅት አንገትን ስለ ማነቅ

በወሲብ ወቅት ስሜትን ያግላል ተብሎ የተጓዳኝን አንገት በእጅ፣ በክንድ ወይም በጨርቅ አጥብቆ መያዝ፣ በኢትዮጵያ በአደባባይ የማይወራ፣ በስልክ መስታወት ላይ ግን ማንም ወጣት ሊያየው የሚችል ድርጊት ሆኗል። ጉዳዩ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ሲነሣ የሚሰማው አስተያየት በአመዛኙ ሁለት መልክ አለው። አንደኛው የታላላቆች ሲሆን፣ ነገሩ የፈረንጅ ብልግና ስለ ሆነ ወሎን አይመለከትም፣ ማንሣቱ ራሱ ማስተማር ነው ይላል። ሁለተኛው የወጣቱ ሲሆን፣ ሁለት አዋቂዎች ተስማምተው የሚያደርጉት ሦስተኛ ወገንን አያገባውም፣ አያያዙን ለሚያውቅ ሰውም አደጋ የለውም ይላል። ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ የቆሙት በአንድ መሠረት ላይ ነው፤ ሁለቱም አንገቷ የሚያዘውን ሴት ዝምታ በቂ መልስ አድርገው ይቀበላሉ። የፊተኛው አስተያየት ስሕተት ለማሳየት ብዙ አያደክምም፤ የኋለኛው ግን ዘመናዊና ፍትሓዊ መስሎ ስለሚቀርብ ረዘም ያለ መልስ ይገባዋል።

መልሱ የሚጀምረው ከሰው አካል ነው። በአንገት ግራና ቀኝ ደምን ከልብ ወደ አንጎል የሚያደርሱ ሁለት ትላልቅ ደም ቅዳዎች፣ ከእነርሱ አጠገብ ደግሞ ደሙን ከአንጎል ወደ ልብ የሚያወርዱ ደም መልሶች አሉ፤ በመካከል የአየር ቧንቧው፣ በቧንቧው አናት ላይም ድምፅ የሚፈጠርበት ማንቁርት ይገኛል። ብዙ ሰው መታነቅን ትንፋሽ ከማጣት ጋር ብቻ ስለሚያያይዘው፣ ተጓዳኙ እስከ ተነፈሰ ድረስ ደህና ነው ብሎ ይገምታል። የፎረንሲክ ሕክምና፣ ማለትም ለፍርድ ማስረጃ የሚያቀርበው የሕክምና ዘርፍ፣ ለረጅም ጊዜ ሲያስተምር የኖረው ግን ሌላ ነው፤ ደም መልሱን ለመዝጋት ወደ 2 ኪሎ ግራም፣ ደም ቅዳውን ለመዝጋት ወደ 5 ኪሎ ግራም የሚሆን ጫና ሲበቃ፣ የአየር ቧንቧውን ለመድፈን ወደ 15 ኪሎ ግራም ያስፈልጋል። በመሆኑም አንገቷ የተያዘው ሴት አየር እየሳበች፣ ደረቷም ከፍ ዝቅ እያለ፣ አንጎሏ ደም ሊያጣ ይችላል። አምስት ኪሎ ደግሞ ለአዋቂ ወንድ እጅ ከቁም ነገር የማይቆጠር ኃይል ነው።

ጊዜውም እንዲሁ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት በጤነኛ ወጣት ወንዶች አንገት ላይ በአየር የሚነፋ ማሰሪያ በድንገት በማጥበቅ ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም አቋርጦ፣ ተመርማሪዎቹ ራሳቸውን የሳቱት ከ5 እስከ 10 በሚሆን ሰከንድ ውስጥ መሆኑን መዝግቧል (እንዲህ ያለው ሙከራ ዛሬ በየትኛውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት አያልፍም፤ ውጤቱ ግን አልተሻረም)። ጫናው ሳይላላ ከቀጠለ ሞት የሚመጣው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ከዚህ ሌላ በደም ቅዳው ግድግዳ ላይ የደም ግፊትን የሚቆጣጠር የነርቭ ሥፍራ አለ፤ ይህ ሥፍራ ሲጫን የልብ ምት ይዘገያል፣ አልፎ አልፎም ይቆማል፤ በማን ላይ እንዲህ እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያሳውቅ ምልክት የለም።

«በልክ ከሆነ ችግር የለውም» የሚለው አባባል የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ልኩን የሚያውቀው ማን ነው? የሚያንቀው ሰው ከጣቱ በታች የትኛው ሥር እንደ ተዘጋ ማየት አይችልም፤ የምትታነቀው ሴት ደግሞ ልኩ ማለፉን የምትናገርበት መሣሪያ፣ ማለትም ድምፅዋና ንቃቷ፣ በዚያው ጫና ሥር ነው። ድርጊቱን የሚያደንቁ ሰዎች ለዚህ ያዘጋጁት መልስ ምልክት ነው፤ ድምፅ ባይወጣ በእጅ መታ መታ ማድረግ፣ ወይም የተያዘን ዕቃ መልቀቅ። ነገር ግን አንጎል ደም ሲያጥረው አስቀድሞ የሚደክመው ማመዛዘን ነው፤ ምልክት ለመስጠት መወሰን ያለበት አካል ቀድሞ የሚጎዳው አካል ነው። ራሱን ስቶ የነቃ ሰውም ብዙ ጊዜ መሳቱን አያስታውስም፤ ከጥቂት ሰከንድ መፍዘዝ በኋላ «ምንም አልሆንኩም» ማለቱ እውነቱን ከመናገር ፍላጎት የመጣ ቢሆንም ምስክርነቱ ዋጋ የለውም። ከሌሎች አደገኛ ነገሮች ጋር ሲነጻጸር የዚህ ድርጊት ልዩ ክፋት ይህ ነው፤ የሚያጠፋው ነገር ራሱ እንዲቆም የሚጠየቅበትን ችሎታ ነው።

ጉዳቱ ሁልጊዜ በዚያች ሌሊት አይታይም። የደም ቅዳው ውስጠኛ ሽፋን በጫናው ሊሰነጠቅ፣ በስንጥቁ ላይ ደም ሊረጋ፣ የረጋው ደም ተነሥቶ ወደ አንጎል ሊሄድና ስትሮክ ሊያስከትል ይችላል፤ ስትሮክ ማለት የአንጎል ክፍል ደም በማጣቱ ወይም ሥሩ በመፍሰሱ ድንገት ሥራ ሲያቆም ነው። ይህ ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ሊደርስ ስለሚችል፣ በጤነኛ ወጣት ሴት ላይ አንድ ጎን ሲደነዝዝ ወይም አንደበት ሲያያዝ ቤተሰብ ምክንያቱን ከዓይነ ጥላም ከመጋኛም ይፈልጋል እንጂ ያለፈውን ሳምንት አልጋ አያስብም። በአሜሪካ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአንድ ወር ውስጥ ቢያንስ አራት ጊዜ በወሲብ ወቅት የታነቁ ወጣት ሴቶችን ካልታነቁት ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ከአንጎል ጉዳት ጋር የሚያያዘው ኤስ100ቢ የተባለ ፕሮቲን በደማቸው ውስጥ ከፍ ብሎ አግኝተውታል። ጥናቱ አነስተኛ ነው፤ ሆኖም ራሳቸውን ያልሳቱትም እንኳ ከጉዳት ነጻ ናቸው ብሎ መተማመን እንደማይገባ ለማሳየት ይበቃል።

ቆዳ ደግሞ አይናገርም። በካሊፎርኒያ በሳን ዲዬጎ ከተማ ከፖሊስ መዝገብ የተወሰዱ 300 የመታነቅ ጉዳዮችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው ጥናት በግማሾቹ ላይ ምንም የሚታይ ምልክት እንዳልነበረ፣ ከቀሩትም በአብዛኞቹ ላይ ምልክቱ ፎቶ ለመነሣት እንኳ የማይበቃ ደብዛዛ እንደ ነበር አሳይቷል። በኢትዮጵያ አሠራር አቤቱታ ያቀረበች ሴት ከፖሊስ ደብዳቤ ይዛ ወደ ሆስፒታል ስትሄድ፣ ሐኪሙ የሚሰጠው የሕክምና ማስረጃ ቁስልን፣ እብጠትንና ስብራትን ፈልጎ የሚጻፍ በመሆኑ፣ አንገቷ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘ ወረቀቱ ባዶ ይሆናል፤ ባዶ ወረቀት ደግሞ በዐቃቤ ሕግ ጠረጴዛ ላይ ምንም እንዳልደረሰ ይቆጠራል። የጎረነነ ድምፅ፣ ምራቅ ሲውጡ የሚሰማ ሕመም፣ በዐይን ነጭ ላይ የሚታዩ ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣቦች፣ ሳይታወቅ ያመለጠ ሽንት፣ የተቆራረጠ ትዝታ፤ እነዚህ ናቸው ሊጠየቁና ሊጻፉ የሚገባቸው።

ወደ ታላላቆቹ አስተያየት ስንመለስ፣ «የፈረንጅ ነገር ነው» የሚለው ክርክር በአገሪቱ መንግሥት መጠይቅ ራሱ ይፈርሳል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ያገቡ ሴቶች ስለ ደረሰባቸው ጥቃት ሲጠየቁ ከቀረቡላቸው ጥያቄዎች አንዱ ባል ሆን ብሎ ሊያንቃቸው ወይም ሊያቃጥላቸው ሞክሮ እንደሆነ ይጠይቃል። ጠያቂዋ ይህን ጥያቄ ይዛ በየክልሉ ቤት ለቤት ዞራለች፤ ማነቅን ከማቃጠል ጋር በአንድ መስመር ማስቀመጡም ድርጊቱ ምን ያህል ከባድ ሆኖ እንደሚቆጠር ይናገራል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣውና በአሥር አገሮች በተካሄደው ጥናት ውስጥ ኢትዮጵያን የወከለችው ቡታጅራ ስትሆን፣ በዚያም ከተጠየቁት የትዳር ወይም የፍቅር ተጓዳኝ የነበራቸው ሴቶች 71 በመቶው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው፣ 59 በመቶው ወሲባዊ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል፤ የኋለኛው አኃዝ ከጥናቱ ሥፍራዎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በተጓዳኛቸው ታንቀው ከሞት የተረፉ ሴቶች ኋላ በዚያው ሰው የመገደል ዕድላቸው ካልታነቁት ጋር ሲነጻጸር ከ7 እጥፍ በላይ መሆኑን አግኝቷል። ስለዚህ እጅ ወደ ሴት አንገት መሄዱ ለወሎ አዲስ አይደለም፤ አዲሱ ነገር እጁ የፍቅር ስም ይዞ መምጣቱ ነው።

ስሙን ያመጣለት የወሲብ ፊልም ነው። በአውስትራሊያ ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 35 በሆኑ ሰዎች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ስለዚህ ድርጊት ያወቁበት ምንጭ ተብሎ ከሁሉም በላይ በብዛት የተጠቀሰው የወሲብ ፊልም መሆኑን አሳይቷል። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 640 ጸያፍ ሥራዎችን ማሠራጨት ይከለክላል፤ ክልከላው ግን ቴሌግራምን አላቆመም። ከየገጠሩ መጥታ በኮምቦልቻ ፋብሪካ የተቀጠረች፣ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል የተከራየች ወጣት፣ ወይም ከደሴው ሰኞ ገበያ ሱቅ ጀርባ ስልኩን ይዞ የተቀመጠ የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ስለ ወሲብ ከእናቱም ከመምህሩም ያልሰማውን በዚያች መስታወት ላይ ያየዋል። በፊልሙ ውስጥ የታነቀችው ሴት ትነቃለች፣ ትስቃለች፤ ተቆርጦ የቀረው ክፍል አይታይም። ታላላቁ ዝም ሲል አስተማሪ ጠፍቶ አይቀርም፤ ሌላ አስተማሪ ቦታውን ይይዛል።

እዚህ ላይ ወጣቱ «ከተስማሙስ?» ብሎ ይጠይቃል። ፈቃድ ማለት አንድ ሰው ሊሆን ያለውን ነገር ዐውቆ፣ እንቢ ቢል ምንም እንደማይደርስበት ተማምኖ፣ አስቀድሞ የሚሰጠው፣ በመካከልም በፈለገ ጊዜ የሚያነሣው ይሁንታ ነው። ይህ ትርጓሜ ከአካባቢው ልማድ ጋር ሲቀመጥ የሚታየው ርቀት ሰፊ ነው። «ዝም አይነቅዝም» እየተባለች ያደገች ልጅ፣ ደስ ያላትንም ያስከፋትንም ሆድ ይፍጀው ብላ እንድትይዝ የተመከረች ልጅ፣ አልጋ ላይ ስትደርስ በድንገት ግልጽ ተናጋሪ እንድትሆን ይጠበቃል። በቆየው የሠርግ ሥርዓት ጨዋ ሙሽራ በመጀመሪያዋ ሌሊት እንድትታገል፣ ሙሽራውም ትግሉን እንዲያሸንፍ ይጠበቅ ነበር፤ ብር አምባሩም የሚበሠረው ከዚህ በኋላ ነው። እንዲህ ባለው ሥርዓት ውስጥ እንቢታ የጨዋነት ማሳያ ስለ ሆነ እንደ እንቢታ አይሰማም፤ ዝምታ ደግሞ እንደ እሺታ ይቆጠራል፤ ለሴቲቱ የቀረላት መልስ የለም። በሰኞ ገበያ ባለ እህሉ ዝም አለ ብሎ ጤፉን አስፍሮ የሚሄድ ሸማች ቢኖር አገር ይጮህበታል፤ ዋጋው ሳይቆረጥ፣ ባለቤቱም «ውሰድ» ሳይል ሽያጭ የለምና። ለአንድ ቁና እህል የሚጠየቀው ቃል ለሰው አንገት ሲሆን የሚቀርበት ምክንያት አይገባም።

ወጣቱ ይህን ሰምቶ፣ እንግዲያው መፍትሔው ዝምታን ትቶ በግልጽ መነጋገር ነው፣ ከተነጋገሩ በኋላ ድርጊቱ ይፈቀዳል ሊል ይችላል። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። መነጋገር ያስፈልጋል፤ መነጋገሩ ግን የደም ቅዳን አያጠነክርም። ስለ ፈቃድ ብዙ በሚነገርባቸው አገሮች የሆነውን ማየት ይበቃል። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲዋ ዴቢ ኸርበኒክና ባልደረቦቿ በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ከሴቶቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በወሲብ ወቅት ታንቀው እንደሚያውቁ ተናግረዋል፤ ሩብ ገደማ የሚሆኑት ደግሞ ይህ መጀመሪያ የደረሰባቸው ከ12 እስከ 17 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው ነው። በዚህ ዕድሜ ስላለች ልጅ ፈቃድ የሚከራከር ሰው ካለ፣ ክርክሩ ከዚህ መጣጥፍ ጋር ሳይሆን ከወንጀል ሕግ ጋር ነው።

«ተስማምተን ነበር» የሚለው ቃል ከሞት በኋላ ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሚሰጥም በኒውዚላንድ ታይቷል። ግሬስ ሚሌን የተባለች እንግሊዛዊት ተጓዥ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 በኦክላንድ ከተማ ታንቃ ስትገደል፣ የተከሳሹ ጠበቆች ሞቷ በስምምነት በተደረገ ወሲብ የደረሰ አደጋ ነው ብለው ተከራከሩ። በችሎቱ የተመረመረው የገዳዩ ጠባይ ብቻ አልነበረም፤ ሟቿ በሕይወቷ ምን ትወድ እንደ ነበር ሁሉ በአደባባይ ተዘረዘረ፤ መልስ መስጠት የምትችለው አንድ ሰው ደግሞ በመቃብር ነበረች። ችሎቱ ክርክሩን አልተቀበለውም፤ ተከሳሹ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። እንግሊዝና ዌልስ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጡት የቤት ውስጥ ጥቃት ሕግ ለወሲብ ደስታ ሲባል ለሚደርስ ከባድ ጉዳት የተጎጂው ፈቃድ መከላከያ እንደማይሆን ደንግገዋል፤ ሞት ያላስከተለ ማነቅንም ራሱን የቻለ ወንጀል አድርገውታል።

የኢትዮጵያ ሕግ በዚህ ረገድ ወጣቱ ከሚገምተው በላይ ጥብቅ፣ ታላላቁ ከሚገምተው በላይ ደግሞ ጎደሎ ነው። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 70 የተበዳይ ፈቃድ ከቅጣት የሚያድነው ወንጀሉ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣ ሲሆን መሆኑን ይደነግጋል። ሕይወትን አደጋ ላይ የሚጥል ጉዳት በአንቀጽ 555 ሥር ከባድ የአካል ጉዳት ስለ ሆነና አቤቱታ ስለማይጠብቅ፣ አንቆ ለሞት ያደረሰ ወይም በአንጎል ላይ ዘላቂ ጉዳት ያስከተለ ሰው «ራሷ ጠይቃኝ ነው» ቢል ቃሉ አያድነውም። አስገድዶ መድፈርን የሚመለከተው አንቀጽ 620 ደግሞ ኃይልንና ዛቻን ብቻ ሳይሆን ሴቲቱን ሕሊናዋን እንድትስት ወይም መከላከል እንዳትችል ማድረግንም ከማስገደጃ መንገዶች ይቆጥራል፤ ማነቅ በሰከንዶች ውስጥ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ቅጣቱም ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እሥራት ነው።

ጎደሎው በዚሁ አንቀጽ ውስጥ ያለው «ከጋብቻ ውጭ» የሚለው ሐረግ ነው። አንዲት ሴት በማታውቀው ሰው ታንቃ ብትደፈር ሕጉ ይደርስላታል፤ ያው ድርጊት በባሏ ሲፈጸምባት ግን አስገድዶ መድፈር መሆኑ ይቀርና፣ በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ጥቃትን በሚመለከተው አንቀጽ 564 በኩል ወደ አካል ጉዳት ድንጋጌዎች ትመራለች። በዚያ ደግሞ ቁስል ይፈለጋል፤ ቁስል ከሌለም ጉዳዩ ወደ እጅ እልፊት ይወርዳል። ከላይ እንደ ተመለከተው በግማሾቹ የታነቁ ሰዎች ላይ የሚታይ ቁስል የለም። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራው የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እንኳ በአንቀጽ 53 ባልና ሚስት የግብረ ሥጋ ግንኙነት የማድረግ ግዴታ እንዳለባቸው ሲደነግግ፣ ለጤንነት እጅግ አስጊ ሲሆን ግዴታው እንደማይኖር ገደብ አኑሯል። የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ የወንጀል ሕጉ ግን ለደሴም ለአዲስ አበባም አንድ ስለ ሆነ፣ ሐረጉን ማንሣት የሚችለው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ብቻ ነው።

ሃይማኖትን ለዚህ ዝምታ ምስክር አድርገው የሚጠሩ አሉ። በወሎ ቄሱም ሼኹም በአንድ ሰፈር ስለሚኖሩ ሁለቱንም መጥቀስ ተገቢ ነው፦ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ባል በሚስቱ አካል ላይ ሥልጣን እንዳለው ሁሉ ሚስትም በባሏ አካል ላይ ሥልጣን እንዳላት አድርጎ ነው፤ በእስልምና ሕግም ሌላውን መጉዳት የተከለከለ መሆኑ ከዐበይት መርሖዎች አንዱ ነው። ከሁለቱም ውስጥ አንቆ ለመያዝ ፈቃድ የሚወጣ አይደለም።

እንግዲያው ሊነገር የሚገባው ምንድን ነው? ንግግሩ ከአልጋ ውጭ፣ ልብስ ተለብሶ፣ ቡና እየተጠጣም ቢሆን፣ ሁለቱም ሳይሰክሩና ሳይቸኩሉ የሚደረግ ነው። ስለ አንገት የሚሰጠው መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ አንገት አይያዝም። የቀረው ነገር ሁሉ ይጠየቃል፣ ይመለሳል፣ እንቢታውም ያለ ኩርፊያና ያለ ክስ ይቆያል። «አይሆንም» ያለችውን ሴት «ታዲያ ከማን ተማርሽው?» ወይም «አትወጂኝም ማለት ነው» የሚላት ወንድ ፈቃድ አልጠየቀም፤ ዋጋ ጠይቋል። ጠያቂዋ ሴት ስትሆንም ነገሩ አይለወጥም፤ ሴት ጠየቀች ተብሎ የወንዱ እጅ ከኃላፊነት አይወጣም፣ ምክንያቱም በዚያች ሌሊት ነቅቶ የሚቀረው እርሱ ነውና። በአማርኛ የሚጻፉ የጤና ማስተማሪያዎችም ስለ ኤች አይ ቪና ስለ እርግዝና መከላከያ በሚናገሩበት ግልጽነት ስለ አንገት ሊናገሩ ይገባል፤ ነርሷም «መታሽ?» ብላ ስትጠይቅ «አንገትሽን ይዞሽ ያውቃል?» የሚለውን ልትጨምር ይገባል፣ ያልተመታች ነገር ግን የታነቀች ሴት ለፊተኛው ጥያቄ በእውነት «አይ» ብላ ትሄዳለችና።

በፈቃዱም ሆነ ያለ ፈቃዱ አንገቱ ታንቆ ድምፁ የጎረነነ፣ መዋጥ ያስቸገረው፣ ራሱን ስቶ የነበረ፣ ዐይኑ የደበዘዘ፣ ከባድ ራስ ምታት የያዘው ወይም አንድ ጎኑ የደነዘዘ ሰው፣ ቆዳው ላይ ምንም ባይታይና ቀናት ቢያልፉም፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ እዚያም ሲደርስ ሳያፍር አንገቱ መያዙን ለሐኪሙ ይናገር።